ሽቦ አሳማሪው ዋይኖ

ዋይኖ ኬስኪታሎ ዕድሜውን የፈጀው በስልክ ማዞሪያ ቤት ውስጥ ሽቦ በማሰር ነው። ይህን ሲሰማ «ሽቦ ማሰርም ሙያ ሆኖ ነው?» የሚል አይጠፋም። እንዲህ የሚል ሰው የዋይኖን እጅ አላየም። በማዞሪያ ቤቱ ውስጥ፣ ከጣሪያ እስከ ወለል በቆመው የብረት መደርደሪያ ላይ፣ ቀጫጭን ሽቦዎች በሺህ እየሆኑ ይወርዳሉ። ዋይኖ እነሱን ጎን ለጎን አሰልፎ፣ ሰም በጠጣ ክር በየጣት ስፋቱ እየቋጠረ፣ በየመታጠፊያው እንደ ሣጥን ጥግ ቀጥ አድርጎ እያጠፈ ያወርዳቸዋል። አንዱ ሽቦ በሌላው ላይ አይጋልብም። በዚያ ሙያ አንድ ልማድ ነበር። ተቆጣጣሪው ሥራ ሊረከብ ሲመጣ ዓይኑን ጨፍኖ መዳፉን በእሥሩ ላይ ከላይ እስከ ታች ያሳልፋል፤ አንዲት ነገር እጁን ከቆረቆረችው ሠራተኛው ሁሉን ፈትቶ እንደገና ይጀምራል። ዋይኖ ፈትቶ አያውቅም። አዲስ ተቀጣሪዎችን ወደ እሱ መደርደሪያ እየወሰዱ «እንዲህ ነው የሚሠራው» ይሏቸው ነበር። እሱም ያልሰማ መስሎ አንገቱን ይደፋል፤ ጆሮው ግን ይቀላል።

ጡረታ ከወጣ በኋላም እጁ አርፎ አልተቀመጠም። የጓሮውን ቲማቲም ከእንጨቱ ጋር የሚያስረው በዚያው በሰም ክር፣ በዚያው ቋጠሮ ነው። ሚስቱ ሌምፒ ለገና ስጦታ ስትጠቀልል ሪባኑን ከእጇ ይቀማታል።

«አንተ ሰውዬ፣ ስጦታ እኮ የሚታሰረው ሊፈታ ነው» ትለዋለች።

«ቢፈታም አምሮ ይፈታ» ይላታል።

በከተማችን የመዳብ ማዕድን ጉድጓዶቹ ከተዘጉ ወዲህ የተረፈን ነገር በረዶና ወሬ ነው። በረዶው ከከተማው ዳር ካለው ሐይቅ በኩል ራሱ ይመጣል። ወሬውን ከሩቅ የሚያመጡልን ግን ጥቂት ሰዎች ነበሩ፤ አማተር ሬዲዮኞች ይባላሉ። ከመንግሥት ፈቃድ አውጥተው፣ በጓሮአቸው ዛፎች ላይ ሽቦ ዘርግተው፣ ማንም ሳይከፍላቸው ከማያውቁት ሰው ጋር በሬዲዮ ሲያወሩ የሚውሉ ሰዎች ናቸው። ገሚሱ በድምፁ ይናገራል። ዋይኖና መሰሎቹ ደግሞ በሞርስ ነው፤ አጭርና ረጅም ምት በመምቻ ቁልፍ እየመቱ። እውነቱን ለመናገር ዋይኖ በአፉ ከሚያወራው በጣቱ የሚያወራው ይበዛ ነበር።

የዋይኖ ሬዲዮ ትንሽ ነበረች። ጉልበቷ አንድ የራስጌ መብራት አያበራም። ዋይኖ በዚህች ነገር ይኮራል። «ጆሮ ላለው ሹክሹክታ ይበቃዋል። የሚጮኸው ቃል ያጣ ሰው ነው» ይላል። ይህን የሚለው በተለይ ኔቫ ስቲማክ በአቅራቢያው ካለች ነው። ኔቫ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ነጂ ናት፤ ወፍራም፣ ሳቂታ፣ ሬዲዮኛም ናት። በቤቷ ምድር ቤት ውስጥ ራሷ የሠራችው፣ የምድጃ ያህል የሚሞቅ የሬዲዮ ማጉያ አላት፤ ደካማ ምልክት አግዝፎ ወደ አየር የሚለቅ ሣጥን። ያን ማጉያ ያየነው ሁላችን የምንስማማበት አንድ ነገር ቢኖር አስቀያሚነቱ ነው። ሽቦው ቁራ እንደሠራው ጎጆ ነው፤ ክዳኑ ከአሮጌ ልብስ ማጠቢያ ማሽን የተቆረጠ ላሜራ ነው።

«ኔቫ አፏን ስትከፍት የሰፈሩ ዶሮዎች እንቁላል መጣል ያቆማሉ» ይላል ዋይኖ።

«ዋይኖ ሲያወራ ደግሞ ሚስቱም አትሰማው» ትላለች ኔቫ።

ሰው ይስቃል። ዋይኖ ግን ከቀልዱ ሥር እውነቱን ነበር፤ እንዲያ የተዝረከረከ ሽቦ ሲያይ ፊቱን ያዞር ነበር።

ይህች ትንሽ ሬዲዮ አንድ ትልቅ ነገር ሰጥታዋለች፤ ኦረን ማክቴግን። ኦረን ኔብራስካ በምትባል ሩቅ ግዛት ውስጥ ከብት አርቢ ነው። ሁለቱ ገና ጎልማሶች ሳሉ አንድ ማለዳ በአየር ላይ ተገናኙ፤ በማግስቱም ተገናኙ፤ ከዚያ በኋላ በየማለዳው አንድ ሰዓት ላይ ሳይገናኙ የዋሉበት ቀን ከታመሙበት ቀን አይበልጥም። ተያይተው አያውቁም። አንዱ የሌላውን ድምፅ እንኳ ሰምቶ አያውቅም። ግን ዋይኖ የኦረንን ምት ከሺህ ሰው መሐል ይለየዋል፤ ረጅሙን ምት ትንሽ ያስረዝመዋል፣ ቀልድ ሊናገር ሲል ደግሞ ይቸኩላል። የሚያወሩት ስለ ምንም ነው። ስለ በረዶ፣ ስለ ጥጃ፣ ስለ ሌምፒ ወገብ ሕመም፣ የኦረን ሚስት ስትሞት ስለ መቃብሩ ድንጋይ። የኦረን ሚስት የሞተች ዕለት ኦረን በሰዓቱ መጥቶ «ዛሬ የምለው የለኝም፣ አንተ ምታ» አለው፤ ዋይኖም ሰዓት ተኩል ሙሉ ቲማቲም እንዴት እንደሚታሰር ነገረው። በዓለም ላይ ከሌምፒ ቀጥሎ የሚወደው ሰው ኦረን ነበር። ይህን ለኦረን ብሎት አያውቅም።

አንድ ዓመት መኸር ላይ ኦረን በከብቶቹ በረት ውስጥ ወድቆ ተገኘ። ደም አንጎሉ ውስጥ ፈስሶ ነበር። ቀኝ እጁ ሞተ። ንግግር ከአፉ ጠፋ፤ ከዚያ የከፋው ደግሞ የሰው ንግግርም ከጆሮው መጥፋቱ ነው። ልጁ ኮሪን ስታናግረው የማያውቀውን ቋንቋ እንደሚሰማ ሰው ትክ ብሎ ያያታል፤ ስልክ ጆሮው ላይ ሲያደርጉለት ይገፋዋል። በአረጋውያን መጦሪያ አስገቡት። ኮሪን ግን አስተዋይ ልጅ ናት፤ የአባቷን መቀበያ ሬዲዮ አምጥታ አልጋው አጠገብ ስትከፍተው፣ የአንድ የማይታወቅ ሰው ሞርስ በጩኸቱ መሐል አለፈ፤ የአባቷ የግራ ጣት በብርድ ልብሱ ላይ አብሮት ተንቀሳቀሰ። አንጎሉ ውስጥ ሌላው ሁሉ ሲፈርስ ያ አንድ ክፍል ቆሞ ቀርቷል። ኮሪን የዚያኑ ቀን ለዋይኖ ደወለች።

ዋይኖም በማግስቱ ማለዳ አንድ ሰዓት ላይ መምቻውን ያዘ። የኦረን መልስ እንደማይመጣ ያውቃል። ሰውየው ማሰራጫ የለው፣ ቢኖረውም የሚመታበት እጅ የለው። ለአንድ ሰዓት ያህል መታለትና ወደ መጦሪያው ስልክ ደወለ። ያነሳችው ሲስተር ቬልዳ የምትባል የማለዳ ነርስ ናት።

«ማዳመጫውን አድርጎ ጠበቀ፣ አቶ ኬስኪታሎ» አለችው። «እኔም ለአፍታ ጆሮዬ ላይ አድርጌ ሰማሁት። የሚሰማው ሽሽሽ የሚል ነገር ብቻ ነው። እዚህ ቤት ኮሪደሩ ሁሉ የቱቦ መብራት ነው፣ ከሥር ወጥ ቤት አለ፣ ሊፍቱ አለ። ሬዲዮው ይህን ሁሉ ነው የሚያመጣው።»

«አንቴናውስ?»

«መስኮቱ ላይ የተለጠፈች ሽቦ ናት። ከዚያ በላይ አይፈቀድም።»

«ካልሰማ ምን ያደርጋል?»

«ይጠብቃል። ከዚያ ማዳመጫውን ያወልቅና ወደ ግድግዳው ይዞራል።»

ዋይኖ ስልኩን ዘጋ። ሹክሹክታው ለመጀመሪያ ጊዜ አልበቃም። ጓደኛው እዚያ ጆሮውን ከፍቶ ተቀምጧል፤ እሱ ደግሞ እዚህ በትንሽነቷ የሚኮራባትን ሬዲዮ ይዞ ተቀምጧል። «መጮኽ አለብኝ» አላት ሌምፒን። ሌምፒ የምታውቀው ባል ይህን ስለማይል ዕቃ ማጠቧን አቁማ አየችው።

ዋይኖ ማጉያ ሊሠራ ተነሣ። ለኔቫ ግን አልነገራትም። ሰው ሲስቅበት ከሚሰማ ሐይቁን በእግሩ ቢሻገር ይመርጥ ነበር። ከአንድ የሞተ ሬዲዮኛ ወዳጁ ሚስት ሁለት ትልልቅ ማሰራጫ አምፖሎች፣ ከባድ ትራንስፎርመርና የቀረውን ኮተት አገኘና ጋራዡ ውስጥ ገባ። መጻሕፍቱን አነበበ፣ ላሜራውን ቆረጠ፣ ቀዳዳውን ሞረደ። ሽቦው ላይ ሲደርስ ግን መጽሐፉን ዘጋው። ስለ ሽቦ ለዋይኖ ማን ይነግረዋል? ወደ ውስጥ የሚገባውን፣ ወደ ውጭ የሚወጣውን፣ የመብራቱን፣ የመቆጣጠሪያውን፣ ሁሉንም በሣጥኑ ጠርዝ ጠርዝ አሰልፎ በአንድ እሥር ሰብስቦ በሰም ክር ቋጠረው። ሲጨርስ ዓይኑን ጨፍኖ መዳፉን አሳለፈበት። ምንም አልቆረቆረውም።

ሌምፒ ልታይ መጣች። «ይሄ እኮ ሳሎን ነው የሚቀመጥ» አለች ከልቧ። ዋይኖ ጆሮው ቀላ።

የዚያን ቅዳሜ ከምሳ በኋላ ማብሪያውን ጫነ። አምፖሎቹ በቀስታ ሞቁ። ዋይኖ መምቻውን ገና አልነካም፤ ሁለት እጁ ጭኑ ላይ ነው። የፊቱ ጠቋሚ መርፌ ግን ማንም ሳይነካት ተነሣች፣ ተንቀጠቀጠች፣ ከዳር ሄዳ ተላተመች። በአምፖሎቹ ውስጥ ያለው ብረት ፍም መሰለ። ከሣጥኑ ጠብመንጃ የተተኮሰ የሚመስል ድምፅ ወጣና ቤቱ ሁሉ ጨለመ።

«ዋይኖ፣ ቴሌቪዥኑ መጀመሪያ ዥጉርጉር ሆነ፣ ከዚያ ጠፋ» ስትል ሌምፒ ከሳሎን ተሰማች፤ «እየሠራህ ያለኸው ነገር ይሄን እንዲያደርግ ነው?»

«አይደለም» አለ ዋይኖ።

ነገሩ ምን መሰላችሁ? በሰርግ ላይ ማይክሮፎን የያዘው ሰው ወደ ድምፅ ማጉያው ሲጠጋ የሚመጣውን ጩኸት የማያውቅ የለም። ከማጉያው የወጣው ድምፅ ተመልሶ ማይክሮፎኑ ውስጥ ይገባል፤ እንደገና ጎልቶ ይወጣል፤ እንደገና ይገባል፤ ማንም ሳይናገር አዳራሹ ይጮኻል። የሬዲዮ ማጉያም እንዲሁ ያብዳል። የሚወጣው ኃይል ቀዳዳ አግኝቶ ወደ መግቢያው ከተመለሰ ሣጥኑ ለራሱ ይጮኻል፤ ልዩነቱ ይህኛው ጩኸት ለጆሮ አለመሰማቱ ነው። አምፖል ያቃጥላል፣ ፊውዝ ይበጥሳል፣ የጎረቤት ቴሌቪዥን ያበላሻል፣ የባለቤቱን ቃል ግን የትም አያደርስም። መድኃኒቱ የሚመለስበትን ቀዳዳ ፈልጎ መዝጋት ነው።

ዋይኖ ቀዳዳውን መፈለግ ጀመረ። ፍለጋው የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ሆነ። መጀመሪያ አምፖሎቹን ጠረጠረ፤ አሮጌ ናቸው ብሎ ሌላ ጥንድ አስመጣ። አዲሶቹም ቀሉ። ትራንስፎርመሩን ጠረጠረ፤ ፈትቶ ለካው፤ ጤነኛ ነው። በየአምፖሉ አናት ላይ መጽሐፉ እንደሚያዘው ትንሽ መከላከያ፣ በሽቦ የተጠቀለለች ሬዚስተር፣ አሠረ፤ አንደኛዋ ጨሰች፣ ሌላዋ ተሰነጠቀች። የሟቹን ወዳጁን ዕቃ «ድሮም እድል የለውም» ብሎ አማ። የጋራዡን የመሬት ሽቦ ቀየረ። የማይጠረጥረው ነገር አንድ ብቻ ነበር። በየማለዳው ደግሞ አንድ ሰዓት ላይ በትንሿ ሬዲዮ ለኦረን ይመታል፤ እንደማይሰማው እያወቀ ይመታል። ይህን ሳስብ እስከ ዛሬ አከብረዋለሁ፤ የሚሰማው ቢኖርም ባይኖርም በሰዓቱ የሚገኝ ሰው ብዙ አይደለም።

ከዚያ ሲስተር ቬልዳ ራሷ ደወለች።

«አቶ ኬስኪታሎ፣ ባልነግርዎት ደስ ባለኝ። ከሰሞኑ ማዳመጫውን ስናቀርብለት በግራ እጁ ይመልሰዋል። ቁርሱንም እየተወ ነው። ልጁ እሁድ ስትመጣ ሬዲዮውን ልትወስደው ነው። በከንቱ መጠበቁ ሳይጎዳው አልቀረም ትላለች።»

«እሁድ» አለ ዋይኖ።

«እሁድ። ከምሳ በፊት።»

ዋይኖ ስልኩን አስቀምጦ ኮቱን ለበሰ። ሌምፒ የት እንደሚሄድ አልጠየቀችውም፤ ባርኔጣውን ብቻ አቀበለችው።

ኔቫ አውቶቡሷን ከትምህርት ቤቱ ጓሮ አቁማ ከጎማው በረዶ እየጠረገች ነበር። ዋይኖ ሲመጣ አይታ መጥረጊያዋን ተደገፈች።

«ምነው? ሰው ሞተ እንዴ?» አለችው።

«ማጉያ ሠርቼ ነበር።»

ኔቫ ትስቃለች ብሎ ጠበቀ። አልሳቀችም፤ ገርሟት አየችው። «ማጉያ? አንተ?»

«ያብዳል። ለራሱ ይጮኻል። አምፖል ቀየርኩ፣ መከላከያ አሠርኩ፣ ሁሉንም አደረግኩ።» ከዚያ የኦረንን ነገር አንድ ሳያስቀር ነገራት። ዋይኖ በአንድ ጊዜ ያን ያህል በአፉ ሲያወራ ኔቫ ሰምታ አታውቅም። ሲጨርስ አፍንጫዋን በጓንቷ ጠረገች።

«አንተ ግትር፣» አለች፣ «ሰውየው ግድግዳ እያየ ሳለ እኔን ማፈር ነው የያዝከው? ግባ፣ አውቶቡስ ውስጥ ግባ።»

የዋይኖ ጋራዥ ደጃፍ ላይ ባዶ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ሲቆም ጎረቤት ሁሉ መጋረጃ ገለጠ። ኔቫ የማጉያውን ክዳን አንሥታ ወደ ውስጥ አየች። አየችና ቆየች።

«በስመ አብ» አለች በቀስታ። «ዋይኖ፣ እንዲህ ያለ ነገር በሕይወቴ አላየሁም። ሌምፒ፣ አይተሽዋል? ቤተ ክርስቲያን እኮ ነው።»

«ሳሎን ይቀመጥ ብዬው ነበር» አለች ሌምፒ፤ ኒሱ የሚባለውን ጣፋጭ ዳቦዋን ቆርሳ ልታቀርብላት ከነመጋገሪያ ትሪው ይዛ ከበር ቆማለች።

«እሱስ ሳሎን ነው መቀመጫው። ለሥራማ አይሆንም።»

ዋይኖ ፊቱ ጠቆረ። ኔቫ ከኪሷ እርሳስ የምታህል ደረቅ እንጨት አወጣች፤ ጫፏ ላይ የባቄላ ፍሬ የምታህል የኒዮን መብራት ታስራባታለች። ምንም ሽቦ አልተያያዘባትም። ኃይል የሚያፈስ ቦታ ስትጠጋ ራሷ ትበራለች። ኔቫ ግራ እጇን ኮቷ ኪስ ውስጥ ከተተች፤ በዚህ ሙያ ያረጁ ሰዎች የከፍተኛ ቮልት ሣጥን ሲከፍቱ አንድ እጃቸውን ኪስ ይከታሉ፤ ሁለቱን እጅ የዘረጋ ሰው ለኤሌክትሪኩ በልቡ በኩል መንገድ ይከፍታል። «አንተ ማብሪያው ላይ ሁን፣» አለችው፣ «አብራ ስልህ አብራ፣ አጥፋ ስልህ እንዳትፈላሰፍ።»

አበራ። እንጨቷን ወደ አምፖሎቹ አናት አስጠጋች፤ መብራቷ ፈዝዛ በራች። ወደ ትራንስፎርመሩ ወሰደቻት፤ ጠፋች። ወደ ሣጥኑ ጠርዝ፣ በሰም ክር ወደተቋጠረው እሥር ስታመጣት ቦግ አለች። ኔቫ በእሥሩ ርዝመት ቀስ እያለች ጎተተቻት። መብራቷ ከመውጫው ጀምራ፣ በመታጠፊያዎቹ ዞራ፣ እስከ መግቢያው ድረስ አልጠፋችም።

«አጥፋ።»

አጠፋ። ዋይኖ ማንም ሳይነግረው ገብቶታል። በማዞሪያ ቤት ሽቦው የሚሸከመው የሰው ድምፅ ነው፤ ሺህ ሽቦ ተቃቅፎ ቢወርድ አንዱ የሌላውን ምስጢር አይሰማም። በትንሿ ሬዲዮውም ውስጥ እንዲሁ አሳምሮ አስሮ ነበር፤ የምታፈሰው ከቁጥር የማይገባ ስለሆነ ምንም አላለችውም። በዚህ ሣጥን ውስጥ ግን የሚወጣውን ግዙፍ ኃይልና የሚገባውን ደካማ ኃይል ጎን ለጎን አስተኝቶ፣ እንዳይለያዩ በሰም ክር ቋጥሯቸዋል። ቀዳዳውን የሠራው ያ እጁ ነው፤ በማሳመሩ ዕድሜውን ሙሉ የተመሰገነው እጁ።

«መከላከያዎቹም ለዚህ ነው የጨሱት፣» አለች ኔቫ፤ ድምፅዋ ለስልሶ ነበር። «የአምፖሎቹን ሽቦ ቀጥ ባለ ማዕዘን ልታጥፍ ብለህ በጣም አስረዝመኸዋል። አጭር መሆን አለበት። ማማሩ ቀርቶ በአቋራጭ መሄድ አለበት። የገባው ወዲህ፣ የወጣው ወዲያ፣ በመሐላቸውም ላሜራ።»

«የተወሰነውን ብቻ ማውጣት አይቻልም?»

«ቢቻል እኔ እነግርህ ነበር። ካልደፈረሰ አይጠራም ዋይኖ። ከፈለግክ እኔ ልቁረጠው፤ አንተ ቤት ግባና ቡና ጠጣ።»

ዋይኖ ፒንሳውን ከግድግዳው አወረደ። «አይሆንም፣» አለ፣ «የሠራሁት እኔ ነኝ።»

ዓይኑን ጨፈነና ለመጨረሻ ጊዜ መዳፉን በእሥሩ ላይ አሳለፈ። ከዚያ የመጀመሪያዋን ቋጠሮ ቆረጠ። ፒንሳው በየጣት ስፋቱ እየዘለለ ሲሄድ ሌምፒ ፊቷን አዞረች፤ ኔቫም ዳቦዋን አኘከች። ሰው የራሱን ስህተት ሲያርም አይቼ አውቃለሁ፤ የራሱን ውበት በራሱ እጅ ሲቆርጥ ግን የሰማሁት ስለ ዋይኖ ብቻ ነው። ሽቦዎቹን አንድ በአንድ ፈትቶ፣ አሳጥሮ፣ ከሚነሡበት ወደሚደርሱበት በአቋራጭ በየዳቸው። አንዱ በአንዱ ላይ ጋለበ። ሊያስተካክለው እጁን ዘረጋና መለሰው።

ለመሐሉ የሚሆን ላሜራ ፈለጉ፤ ጋራዡ ውስጥ ያለው ሁሉ አጭር ነው። ኔቫ ዓይኗ የዳቦው መጋገሪያ ትሪ ላይ ዐረፈ።

«እንዳታስቢው» አለች ሌምፒ።

ኔቫ ትሪውን ማየቷን ቀጠለች።

«የእናቴ ትሪ ነው፣ ኔቫ።» ሌምፒ ባሏን አየችው፤ ከጠረጴዛው ላይ ያለውን የተቆራረጠ ክር አየች። ከዚያ ዳቦውን አንሥታ ትሪውን ለኔቫ ሰጠቻት። «መጀመሪያ ቅቤውን ጥረጉት» አለችና ወደ ቤት ገባች።

ትሪው በሣጥኑ መሐል እንደ ግድግዳ ቆመ። ዋይኖ ማብሪያውን ጫነ። አምፖሎቹ ሞቁ። መርፌዋ ተኛች። ኔቫ እንጨቷን በየጥጉ አዞረች፤ መብራቷ ከአምፖሎቹ አናት በቀር የትም አልበራችም። ዋይኖ መምቻውን አንዴ ነካ፤ መርፌዋ ተነሣች። ለቀቀ፤ ተመልሳ ተኛች። ሲነካት ብቻ የምትነሣ፣ ታዛዥ መርፌ ሆነች።

«አስቀያሚ ነው» አለ ዋይኖ ሣጥኑን እያየ።

«የእኔው ማጉያ ልጅ ነው የሚመስለው» አለች ኔቫ፤ ያን ጊዜ ብቻ ሳቀች።

እሁድ ማለዳ አንድ ሰዓት ሲሆን ዋይኖ ተላጭቶ፣ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ መምቻው ፊት ተቀመጠ። ሌምፒ ከኋላው ቆማለች። የኦረንን ስም መታ። እንደገና መታ። «እኔ ነኝ። ዋይኖ ነኝ። ትሰማለህ?» አለ። ዝም ብሎ መጠበቅ ትርጉም እንደሌለው ያውቃል፤ መልስ በዚህ ሬዲዮ አይመጣም። ቢሆንም ልማድ ነውና እጁን አንሥቶ ጠበቀ፤ ከዚያ ደግሞ መታ። በመጨረሻ በዚህ ሁሉ ዓመት ብሎት የማያውቀውን አለው፤ «ናፍቀኸኛል» አለው።

ስልኩ ጮኸ። ሌምፒ አንሥታ አዳመጠችና እጀታውን ዘረጋችለት።

«አቶ ኬስኪታሎ፣» ሲስተር ቬልዳ ትንፋሿ ተቆራርጧል፣ «ማዳመጫውን በግድ ነበር ያደረግንለት። ድንገት ቀና አለ። አሁን ከቁርሱ ማንኪያውን ወስዶ የአልጋውን ብረት ይቀጠቅጣል። ልንቀማው ብንል እምቢ አለ። ልጁ እዚህ ናት፣ ታለቅሳለች። ምን ነክቶት ነው?»

«ስልኩን ብረቱ ላይ ያድርጉልኝ፣ ሲስተር።»

ገመዱ ሲጎተት፣ በር ሲከፈት ተሰማው። ከዚያ ማንኪያው መጣ። ለአጭሩ ምት ይመታል፤ ለረጅሙ ብረቱን ይፍቃል። ግራ እጅ ነው፣ ተለማምዶት የማያውቅ እጅ፤ ፊደሎቹ እንደ ሕፃን ጽሑፍ ይወላገዳሉ። ግን ረጅሙን ትንሽ ያስረዝመዋል። ዋይኖ ፊደል በፊደል አነበበው። «ሰማሁ» ነበር የሚለው። «ሰማሁ። ሰማሁ። ምታ።»

ዋይኖ እጀታውን ለሌምፒ ሰጥቶ ወደ መምቻው ተመለሰ። ዓይኑ ምንም አያይም ነበር፤ ለሞርስ ግን ዓይን አያስፈልግም። ምን እንደሚለው አላሰበበትም። ሁሉንም ነገረው፤ ማጉያውን እንዴት እንዳሳመረው፣ እንዴት እንዳበደ፣ ኔቫ ስቲማክ በባዶ አውቶቡስ እንደመጣች፣ ሽቦውን ቋጠሮ በቋጠሮ በገዛ ፒንሳው እንደቆረጠው፣ አሁን በሌምፒ እናት የዳቦ ትሪ በኩል እያናገረው እንደሆነ።

ሌምፒ እጀታውን ወደ ባሏ ጆሮ አስጠጋችው። በሽቦው ጫፍ ማንኪያው ብረቱን በፍጥነት ይመታል፤ አራት አጭር፣ ሁለት አጭር፤ እንደገና አራት አጭር፣ ሁለት አጭር። ከዚያ የሲስተር ቬልዳ የተጨነቀ ድምፅ መጣ።

«አቶ ኬስኪታሎ፣ እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ማቆም አልቻለም። ሐኪም ልጥራ?»

በሞርስ የሚያወሩ ሬዲዮኞች ደስ ሲላቸው እንዲያ ነው የሚመቱት፤ አራት አጭር፣ ሁለት አጭር።

«አይጥሩ ሲስተር፣» አለ ዋይኖ፣ «ተዉት። እየሳቀ ነው።»